ስለ ኮምፒዩተር ማኅደሮች አቀማመጥና ሥርዐት

ዕቃውን የት እንዳኖረ የማያውቅ ሰው፥ ዕቃው በቤቱ ሳለ እንደሌለው ይቈጠራል። ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ በተፈለገ ጊዜ ካልተገኘ እንዳልተጻፈ ያህል ነው። ስለዚህ የቀደሙ ሰዎች መጽሐፍ በማኅደር፥ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት፥ ልብስና ገንዘብ በግምጃ ቤት፥ እህል በጎተራ እንዲቀመጥ ወስነው፥ ለየአንዳንዱም ጠባቂ አቁመው ይኖሩ ነበር። በዘመናችን ደግሞ የተማሪው ውጤት፥ የገበሬው የመሬት ይዞታ፥ የሕመምተኛው ካርድ፥ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በኮምፒዩተር ውስጥ መቀመጥ ስለ ጀመረ፥ የኮምፒዩተር ማኅደሮች እንደምን እንደሚደረደሩ ማወቅ ለመምህርም ለተማሪም የሚጠቅም ዕውቀት ሆኗል።

አለማወቁ የሚያመጣውን ጕዳት ለማሳየት፥ በሀዋሳ ከተማ አጠገብ ባለ በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር እንዳለ ይታሰብ። መምህሩ የተማሪዎቹን የሦስት ዓመት ውጤት በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ጽፎ፥ መኪናው ሲከፈት ፊት ለፊት በሚታየው ገጽ፥ «ዴስክቶፕ» በሚባለው ላይ አኖረው። አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ አልነሣም አለ። ጠጋኝ ተጠርቶ መጣ፤ ዲስኩንም ጠርጎ ዋናውን ፕሮግራም እንደ ገና ጫነበት። ኮምፒዩተሩ ዳነ፤ የሦስት ዓመቱ ውጤት ግን ጠፋ። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለመዛወር ማስረጃ የሚፈልግ ልጅ ቢመጣ፥ መምህሩ የሚሰጠው ነገር የለውም። ጠጋኙ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባው ነበር፤ ቢሆንም የታዘዘውን አደረገ። መምህሩም ሰነፍ አይደለም፤ ሥራውን ጽፎ ነበር። የጎደለው፥ ያ ጽሑፍ በየትኛው ማኅደር፥ ማኅደሩም በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ማወቅ ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ይህንኑ የጎደለውን ነገር ነው።

ፋይልና ማኅደር ምን እንደ ሆኑ

ኮምፒዩተር የሚጠብቀውን ሁሉ በዲስክ ላይ ያኖራል። በዲስክ ላይ ለብቻው ስም ተሰጥቶት የተቀመጠ ጽሑፍ፥ ሥዕል፥ ድምፅ ወይም ፕሮግራም «ፋይል» ይባላል። ፋይሎችን ሰብስቦ የሚይዘው ደግሞ በእንግሊዝኛ «ዳይሬክተሪ» ወይም «ፎልደር» የሚባለው ነው። በአማርኛ ማኅደር ቢባል ይስማማዋል፤ የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ከረጢት ማኅደር ይባላልና። ነገር ግን የኮምፒዩተር ማኅደር ከቆዳው ማኅደር በአንድ ነገር ይለያል፤ በውስጡ ሌላ ማኅደር፥ በዚያም ውስጥ ደግሞ ሌላ ማኅደር ሊይዝ ይችላል።

ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው «ኦፐሬቲንግ ሲስተም» የሚባለው ዋና ፕሮግራም ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ፋይል ለመክፈትም ሆነ ለማስቀመጥ ሲፈልጉ የሚጠይቁት እርሱን ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት የሚታየው ዊንዶውስ፥ ያለ ዋጋ የሚገኘው ሊኑክስ፥ በእጅ ስልክም የሚሠራው አንድሮይድ የዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ናቸው።

ሥሩ ወደ ላይ ስለ ሆነው ዛፍ

ማኅደር በማኅደር ውስጥ ሲገባ፥ አሠራሩ ሁሉ ዛፍ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ዛፍ የተገለበጠ ነው፤ ሥሩ በላይ፥ ቅርንጫፉ በታች ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ማኅደር «ሥር» ይባላል፤ በእንግሊዝኛም «ሩት» ይሉታል፤ ትርጓሜው ያው ሥር ማለት ነው። ከሥሩ ማኅደሮች ይወጣሉ፤ ከነዚያም ሌሎች ይወጣሉ፤ ፋይሎቹ እንደ ቅጠል በየቅርንጫፉ ላይ ይገኛሉ።

አንድ ፋይል የሚገኝበትን ሥፍራ ለመናገር፥ ከሥሩ ተነሥቶ እስከ ፋይሉ ድረስ ያሉት ማኅደሮች በተራ ይጻፋሉ። ይህም «መንገድ» ይባላል። በስሞቹም መካከል እዝባር ይገባል፤ እዝባር ማለት ጸሐፊዎች በደብዳቤ ቍጥር መካከል የሚያገቡት ያጋደለ መስመር ነው። በሊኑክስ እዝባር ብቻውን ሲጻፍ ሥሩን ያመለክታል።

ይህ አጻጻፍ ለሀዋሳ ሰው እንግዳ አይደለም። አንድ ሰው ቤቱን ለማመልከት፥ ኢትዮጵያ፥ ሲዳማ ክልል፥ ሀዋሳ ከተማ፥ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፥ ቀበሌው ይህ፥ የቤት ቍጥሩ ይህ ብሎ ይጽፋል። ይህ በእዝባር ቢጻፍ፥ ኢትዮጵያ/ሲዳማ/ሀዋሳ/ሐይቅ ዳር/ቀበሌ/የቤት ቍጥር ይሆናል። በታቦር ክፍለ ከተማና በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የቤት ቍጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ቤቶች ቢኖሩ፥ መንገዳቸው ልዩ ስለ ሆነ ማንም አይሳሳትባቸውም። እንዲሁም «ውጤት» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች በሁለት ማኅደሮች ቢቀመጡ አይጋጩም፤ በአንድ ማኅደር ውስጥ ግን አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ሊኖሩ አይችሉም።

የአገራችን ሰው ስሙን ሲናገር ከራሱ ተነሥቶ ወደ አባቱ፥ ከአባቱም ወደ አያቱ ይወጣል። የኮምፒዩተር መንገድ ግን ከአያት ተነሥቶ ወደ ልጅ ይወርዳል። ከሥሩ የሚጀምረው ሙሉ መንገድ ይባላል፤ ሰው አሁን ካለበት ማኅደር የሚጀምረው ግን አጭር መንገድ ነው። ይኸውም አንድ ሰው ቀበሌው ውስጥ ቆሞ «ሦስተኛው ቤት» እንደሚለው ነው። በአጭር መንገድ ወደ አባት ማኅደር ለመመለስ ሁለት የላቲን ነጥቦች ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ሥሩ ግን አባት ስለ ሌለው፥ በእርሱ ዘንድ ሁለቱ ነጥቦች ራሱን ሥሩን ያመለክታሉ።

ሥርዐቱ ከየት እንደ መጣ

ማኅደርን በዛፍ አምሳል የመደርደር ሐሳብ በሰፊው የተገለጠው «መልቲክስ» በሚባል ሥራ ነው። ስለዚህም ዴሊና ኖይማን የሚባሉ ሁለት ሰዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ጽሑፍ አቅርበው ነበር። በዚያ ሥራ ተካፋይ የነበረው በአሜሪካ አገር ያለው ቤል የምርምር ቤት በ1969 ከማኅበሩ ወጣ። በዚያው ዓመት በክረምት፥ እንደ እኛ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. መጨረሻ፥ የቤል ሠራተኞች የነበሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ «ዩኒክስ» የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሥራት ጀመሩ። የዛፉንም ሐሳብ ከመልቲክስ ወሰዱ፤ ዛሬ የሚታወቁት አጫጭር የማኅደር ስሞች ግን ብዙዎቹ ከዩኒክስ የመጡ ናቸው።

በ1991፥ ማለት በ1983 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ዩኒክስን የሚመስል አዲስ ሥራ መጀመሩን አስታወቀ፤ እርሱም ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ለሁሉ የተፈቀደ ስለ ሆነ ብዙ ሰዎች በየፊናቸው አዘጋጅተው ማከፋፈል ጀመሩ። ነገር ግን አንዱ አዘጋጅ አንድን ፋይል በዚህ፥ ሌላው በዚያ ስለሚያኖር ችግር ተፈጠረ። ለአንዱ የተሠራ ፕሮግራም በሌላው ላይ ሲጫን የሚፈልገውን ፋይል በሥፍራው አያገኘውም፤ በአንዱ የተማረ ሠራተኛም በሌላው ላይ እንደ እንግዳ ይሆናል።

ይህን ለማስቀረት በ1993 ምክር ተጀመረና፥ በየካቲት 7 ቀን 1986 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1994፥ የመጀመሪያው የማኅደሮች ደንብ ወጣ። በኋላም ደንቡ ሊኑክስ ላልሆኑ ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ጭምር እንዲያገለግል ተሻሽሎ ስሙ ተለወጠ። ሦስተኛው እትም በ2015፥ ማለት በ2007 ዓ.ም. ታትሟል። ደንቡ በማንም ላይ በግድ የተጫነ ሕግ አይደለም፤ አዘጋጆቹ ለጋራ ጥቅም ተስማምተው የሚከተሉት ልማድ ነው። እንዲያውም አንዳንዱ በአንዳንድ ነገር ከእርሱ ይለያል።

ከሥሩ የሚወጡት ማኅደሮች

ከዚህ በታች የሚነገሩት ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉ ናቸው፤ እዚህ ግን በድምፃቸው ተጽፈዋል። በቀድሞ ዘመን በትልቅ ግቢ ውስጥ አዳራሽ፥ እልፍኝ፥ ግምጃ ቤት፥ መሣሪያ ቤት፥ ጽሕፈት ቤት እየተለየ ይሠራ እንደ ነበረ፥ እነዚህም ማኅደሮች እያንዳንዳቸው የተለየ ሥራ አላቸው።

«ቢን» መሣሪያ ቤት ነው። ፋይል ለመቅዳት፥ ለማየት፥ ለመሰረዝ የሚያገለግሉት ዋና ዋና ትእዛዞች በዚህ ይገኛሉ። «ኤስቢን» የሚባለውም እንደ እርሱ ነው፤ በውስጡ ያሉት መሣሪያዎች ግን ይበልጡን ለአስተዳዳሪው የሚሆኑ ናቸው።

«ሊብ» ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉባቸው ክፍሎች ያሉበት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ሥራ በየፕሮግራሙ ውስጥ ተደጋግሞ ከሚጻፍ፥ አንድ ጊዜ ተጽፎ በዚህ ይቀመጣል።

«ቡት» ኮምፒዩተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነባቸው ፋይሎች ያሉበት ነው። ይህ ቢጠፋ መኪናው መነሣት አይችልም።

«ኤትሲ» የደንብ መዝገብ ነው። የኮምፒዩተሩ ስም፥ የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር፥ የየፕሮግራሙ አቋም በዚህ ተጽፏል። አብዛኛው በተራ ጽሑፍ የተጻፈ ስለ ሆነ ሰው ሊያነበው ይችላል።

«ሆም» የተጠቃሚዎች መኖሪያ ነው። ለየአንዳንዱ ተጠቃሚ በስሙ ማኅደር ይሠራለታል፤ የግል ሥራውን ሁሉ የሚያኖረው በዚያ ነው። የመምህሩ የውጤት መዝገብ ሊቀመጥ የሚገባው በዚህ ሥር ነው።

«ሩት» የሚባል ደግሞ የአስተዳዳሪው መኖሪያ አለ። ይህ በስም እንጂ በነገር ከዛፉ ሥር ጋር አንድ አይደለም፤ የተጠቃሚዎች ሁሉ አለቃ ስሙ «ሩት» ስለሚባል ማኅደሩ በእርሱ ስም ተጠርቷል። የእርሱ መኖሪያ ከሆም ውጭ የሆነው፥ ሆም በተለየ ዲስክ ላይ ሆኖ ያ ዲስክ ቢበላሽ አስተዳዳሪው ገብቶ ለማቃናት እንዲችል ነው።

«ዩ ኤስ አር» ከሁሉ ሰፊው ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞችና ከነርሱ ጋር የሚሄዱ ፋይሎች በዚህ ይገኛሉ። «ኦፕት» ደግሞ ከውጭ መጥተው ለብቻቸው የሚጫኑ ፕሮግራሞች የሚያርፉበት ነው።

«ቫር» ዕለት ዕለት የሚለዋወጥ ነገር የሚጻፍበት ነው። በውስጡ «ሎግ» የሚባለው የውሎ መዝገብ አለ፤ ማን በስንት ሰዓት እንደ ገባ፥ የትኛው ፕሮግራም እንደ ተሰናከለ በዚያ ይመዘገባል። ለመታተም ተራ የሚጠብቅ ወረቀትም በቫር ሥር ይቈያል።

«ቴምፕ» የጊዜያዊ ነገር ማኅደር ነው። ፕሮግራሞች ለአንድ አፍታ የሚፈልጉትን በዚህ ይጽፋሉ። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ መኪናው ጠፍቶ ሲነሣ በቴምፕ ያለው ሁሉ ይጠረጋል። ስለዚህ የሚጠቅም ነገር በቴምፕ ማኖር እህልን በአውድማ ላይ ትቶ እንደ መሄድ ነው።

«ዴቭ» የመሣሪያዎች ማኅደር ነው። በዩኒክስ ልማድ ዲስኩም፥ የመጻፊያ ቍልፉም፥ ሌላውም መሣሪያ እንደ ፋይል ሆኖ ይታያል። «ፕሮክ» ደግሞ በዲስክ ላይ የሌለ ማኅደር ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በዚያ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ ሰው እንዲያይ በፋይል መልክ ያሳይበታል።

«ሚዲያ» ከውጭ የሚሰካው ፍላሽ የሚታይበት ነው። በሊኑክስ ዛፉ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ አዲስ ዲስክ ሲመጣ እንደ ቅርንጫፍ በዛፉ ላይ ይቀጠላል፤ ሲወጣም ቅርንጫፉ ይለያል እንጂ ዛፉ አይነካም።

ስለ ምን እንዲህ ተለያዩ

አንባቢ፥ ሁሉ በአንድ ማኅደር ቢቀመጥ ምን ይጎዳል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ደንቡ የተመሠረተው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። አንደኛው፥ ይህ ፋይል የሚለዋወጥ ነው ወይስ የማይለዋወጥ? ሁለተኛው፥ ይህን ፋይል ብዙ ኮምፒዩተሮች ሊጋሩት ይችላሉ ወይስ የአንዱ ብቻ ነው?

በዩ ኤስ አር ያሉት ፕሮግራሞች አስተዳዳሪው ካልለወጣቸው አይለወጡም፤ ብዙ ኮምፒዩተሮችም ሊጋሩአቸው ይችላሉ። በኤትሲ ያለው ደንብ ደግሞ አይለዋወጥም፤ ነገር ግን የዚያ ኮምፒዩተር ብቻ ስለ ሆነ ለሌላ አይሰጥም። በቫር ያለው ሁልጊዜ ይለዋወጣል። ስለዚህ የማይለዋወጠውን ማንም እንዳይጽፍበት መዝጋት፥ የሚለዋወጠውን ብቻ ክፍት መተው ይቻላል። የውሎ መዝገብ ከመጠን በላይ ቢበዛና ቫር በተለየ የዲስክ ክፍል ላይ ቢሆን፥ የሚሞላው የቫር ክፍል ብቻ ነው፤ የሰዎቹ ሥራ አይነካም። ሆምም ለብቻው ክፍል ከተሰጠው፥ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጠፍቶ እንደ ገና ሲጫን ያ ክፍል እንዳይጠረግ ማድረግ ይቻላል። የመምህሩ ሦስት ዓመት ሊድን ይችል የነበረው በዚህ መንገድ ነው።

የማኅደሮቹ ጥበቃም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ለየፋይሉና ለየማኅደሩ ባለቤት አለው። ማንበብ፥ መጻፍና ማሠራት የሚባሉ ሦስት ፈቃዶች፥ ለባለቤቱ፥ ለማኅበሩና ለሌላው ሰው ሁሉ እየተለዩ ይሰጣሉ። ተራ ተጠቃሚ በሆም ውስጥ በራሱ ማኅደር እንደ ወደደ ይጽፋል፤ በኤትሲና በዩ ኤስ አር ግን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ተማሪ ሳያውቅ ቢሳሳት የሚያጠፋው የራሱን ሥራ ነው እንጂ የኮምፒዩተሩን ሁሉ አይደለም።

ሥርዐት ግን ከችግርም ይወለዳል። ዩ ኤስ አር በመጀመሪያው የዩኒክስ ዘመን የተጠቃሚዎች መኖሪያ ነበር። በዚያ ጊዜ ዲስክ እጅግ ጠባብ ስለ ነበረ፥ የመጀመሪያው ዲስክ ሲሞላ ፕሮግራሞቹ ወደ ሁለተኛው፥ ተጠቃሚዎቹ ወዳሉበት ዲስክ ተሻገሩ። በኋላም ተጠቃሚዎቹ ወጥተው ሌላ መኖሪያ ተሰጣቸው፤ ፕሮግራሞቹ ግን በዚያው ቀሩ። በሥሩ አጠገብ አንድ ቢን፥ በዩ ኤስ አር ውስጥም ሌላ ቢን የተገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ ዲስክ ስለ ሰፋ ብዙ አዘጋጆች ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል፤ ፌዶራ የሚባለው በ2012 ይህን አደረገ፤ ዴቢያንም በ2023 በወጣው በ12ኛው እትሙ ግዴታ አደረገው። የቀድሞው ሥፍራ ግን በአመልካች ተጠብቋል። አመልካች ማለት ራሱ ዕቃውን ሳይዝ፥ ዕቃው ያለበትን መንገድ ብቻ የሚናገር ፋይል ነው።

ያገራችን ስም በዛፉ ውስጥ

በዚህ ዛፍ ውስጥ ያገራችን ሥፍራም አለበት። በዩ ኤስ አር ሥር «ሼር» የሚባል ማኅደር፥ በዚያም ውስጥ «ዞንኢንፎ» የሚባል አለ፤ በእርሱም ውስጥ «አፍሪካ» የሚባል ማኅደር፥ በአፍሪካ ውስጥም «አዲስ አበባ» የሚባል ፋይል ይገኛል። ይህ ፋይል ያገራችን ሰዓት ከግሪኒች ሰዓት በ3 ሰዓት እንደሚቀድም ይናገራል። በሀዋሳ ያለ ሊኑክስ ኮምፒዩተር ሰዓቱን ለማሳየት ሲፈልግ፥ በኤትሲ ውስጥ ያለውን «ሎካልታይም» የሚባለውን አመልካች ያነባል፤ አመልካቹም ወደዚሁ ፋይል ይመራዋል። ፕሮግራሞቹ የሚፈልጉት ሥፍራ ለዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ አመልካቹ የሚያሳየው ግን እንደየአገሩ ይለያል።

ዳግመኛም በዚያው በሼር ሥር የየቋንቋው ደንብ የሚቀመጥበት ማኅደር አለ። በውስጡም ስለ አማርኛ፥ ስለ ኦሮምኛ፥ ስለ ትግርኛ፥ ስለ ወላይትኛ፥ ስለ ግዕዝ፥ የሀዋሳ ዙሪያ ሕዝብ ስለሚናገረው ስለ ሲዳምኛም እያንዳንዱ ለብቻው የተጻፈ ፋይል አለ። የሳምንቱ ቀኖች ስም፥ የቀን አጻጻፍ፥ የገንዘቡ ስም በዚህ ይገኛል። አንድ ቋንቋ በዓለም ኮምፒዩተሮች እንዲታወቅ ከሚያስፈልገው ነገር አንዱ፥ በታወቀው ሥፍራ፥ በታወቀው ስም የተቀመጠ እንዲህ ያለ ትንሽ ፋይል ነው።

ስለ ዊንዶውስና ስለ እጅ ስልክ

በዊንዶውስ ዛፉ አንድ አይደለም፤ ለየዲስኩ አንዳንድ ዛፍ አለ፤ ዛፎቹም በላቲን ፊደል ይጠራሉ። ኤ እና ቢ ለተንቀሳቃሽ ዲስኮች ተሰጥተው ስለ ነበር፥ ዋናው ዲስክ ሲ ተባለ፤ ተንቀሳቃሾቹ ቢቀሩም ስሙ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ አለ። የዊንዶውስ ቀዳሚ የሆነው ኤም ኤስ ዶስ በ1981 ሲወጣ ማኅደር አልነበረውም፤ ማኅደር ያገኘው በ1983 በወጣው በሁለተኛው እትም ነው። በዚያ ጊዜ እዝባር ለትእዛዝ ምልክት ተይዞ ስለ ነበረ፥ ለመንገድ ወደ ኋላ ያጋደለው እዝባር ተመረጠ። በሲ ውስጥ «ዊንዶውስ» የተባለው ማኅደር የሲስተሙ ነው፤ «ፕሮግራም ፋይልስ» የፕሮግራሞቹ ነው፤ «ዩዘርስ» እንደ ሆም የተጠቃሚዎች መኖሪያ ነው። ዴስክቶፕም እንደ ልማዱ ከዚሁ ከዩዘርስ ሥር ያለ ማኅደር ነው። እንግዲህ በዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ፋይል በዓይን ፊት ይታይ እንጂ በሲ ዲስክ ውስጥ ነው፤ ሲ ሲጠረግ አብሮ ይጠረጋል። ከላይ የተነገረው መምህር ያላወቀው ይህን ነበር።

በእጅ ስልክ ውስጥም ዛፍ አለ፤ አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ላይ ነውና። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ እንደ ልማዱ «ዲ ሲ አይ ኤም» በሚባል ማኅደር ውስጥ ይገኛል። ከመረብ የወረደውም «ዳውንሎድ» በሚባለው ውስጥ ይቀመጣል። ፎቶግራፉ ጠፋብኝ የሚል ሰው አስቀድሞ እነዚህን ሁለቱን ቢመለከት ይጠቀማል።

ፋይልን ስለ መሰየም

ማኅደሩ ቢስተካከል ስሙ ግን ቢዛባ ድካሙ ከንቱ ነው። የግዕዝ ፊደል ለኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚያገለግለው «ዩኒኮድ» በሚባለው የፊደል ደንብ ውስጥ በ1999 ስለ ገባ፥ ፋይልን በአማርኛ መሰየም ይቻላል። ነገር ግን ሦስቱን ሀ፥ ሐ፥ ኀ ሰው በድምፅ ባይለያቸውም ኮምፒዩተር ይለያቸዋል፤ ለየአንዳንዳቸው የተለየ ቍጥር ተሰጥቷልና። የከተማይቱን ስም አንዱ ሀዋሳ፥ አንዱ ሐዋሳ፥ ሌላውም አዋሳ ብሎ ቢጽፍ፥ ለኮምፒዩተሩ ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስለዚህ በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ጸሐፊዎች በአንድ አጻጻፍ መስማማት አለባቸው።

የስም ርዝመትም መጠን አለው። በሊኑክስ እንደ ልማዱ አንድ ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዘወትሩ አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ፥ ስሙ ከ85 ፊደል ሊያልፍ አይችልም። ይህም ለማንም ይበቃል።

ወራትን በስማቸው መጻፍም ተራን ያዛባል። ኮምፒዩተር በፊደል ተራ ሲደረድራቸው ሐምሌን ከመስከረም ያስቀድማል፤ ከመስከረምም ቀጥሎ መጋቢትን ያመጣል። ስለዚህ ዓመቱን አስቀድሞ የወሩን ቍጥር ማስከተል ይሻላል፤ የ2017 መስከረም 2017-01፥ ጥቅምትም 2017-02 ተብሎ ቢጻፍ ፋይሎቹ በጊዜያቸው ተራ ይቆማሉ።

መምህሩ ምን ሊያደርግ ይገባው ነበር

እንግዲህ ወደ መምህሩ ነገር እንመለስ። በመኖሪያ ማኅደሩ ውስጥ «ውጤት» የሚል ማኅደር፥ በእርሱም ውስጥ ለየዓመቱ፥ በየዓመቱም ውስጥ ለየክፍሉ ማኅደር ቢሠራ፥ መንገዱ ውጤት/2017/7ኛ ክፍል ይሆናል። በእርሱ ፈንታ ሌላ መምህር ቢመጣ እንኳ ማንንም ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ጠጋኝ ሲጠራም «ሥራዬ በዚህ ማኅደር ነው፤ ሳትጠርግ ቅዳልኝ» ብሎ መንገዱን ሊያሳየው ይችላል።

ነገር ግን መልካም ማኅደር ብቻውን አይበቃም። ዲስኩ ራሱ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ዛፉ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ማኅደሩን በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ መቅዳት፥ ፍላሹንም ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ክፍል አለማኖር ይገባል። በየዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ውጤቱን በወረቀት አትሞ በመዝገብ ቤት ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ወረቀት መብራት አይፈልግምና።

በክፍል የሚሠራ

ኮምፒዩተር የሌለው ትምህርት ቤትም ይህን ሊያስተምር ይችላል። መምህሩ በጥቍር ሰሌዳ ላይ እዝባር ይጻፍ፤ ያ ሥር ነው። ከእርሱ በታች የወረዳውን ስም፥ ከዚያም የቀበሌዎቹን፥ ከዚያም የየተማሪውን ቤት ይጻፍ። ተማሪዎቹም ከሥሩ እስከ ቤታቸው ያለውን ሙሉ መንገድ በእዝባር እየለዩ ይጻፉ። ቀጥሎም ከትምህርት ቤቱ ተነሥተው አጭሩን መንገድ ይጻፉ። በመጨረሻም አንድ ተማሪ ያንዱን መንገድ ያንብብ፤ ሌላው ተማሪ በሰሌዳው ላይ ጣቱን እያስኬደ ያ ቤት የማን እንደ ሆነ ይናገር። ሳይሳሳት ከደረሰ ትምህርቱ ገብቶታል፤ ኮምፒዩተር ባገኘም ጊዜ በዚሁ መንገድ ፋይሉን ያገኛል።